«ባለ ሁለት ዲፈረንሻል» አሮጌ መኪና፡- ይገዛ ወይስ ይቅር?

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው» የምትለዋ ሐረግ ዋጋ አላት፡፡ ደላላው ሲናገራት ድምፁ ከፍ ይላል፡፡ የገዢውም ሐሳብ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ባሌ ይነጉዳል፡፡ ሐረጓ ግን ስለ መኪናው የምትናገረው ጥቂት ነው፡፡ ሁለተኛው ዲፈረንሻል ከ20 ዓመት በኋላም ይሠራል ወይ? የሚሠራ ከሆነ በምን ዘዴ ነው የሚሠራው? ሲበላሽስ ዕቃው ከየት ይገኛል? ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ገዢው በእርግጥ ያስፈልገዋል ወይ?

ጥያቄው ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ዛሬ ከብዷል፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፡፡ ስለዚህ ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርቡት ራቭ ፎር፣ ቪታራ፣ ቴሪዮስ፣ ሲአር ቪና መሰሎቻቸው በአብዛኛው ከዚያ በፊት የገቡና ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ናቸው፡፡ ዕድሜያቸው በየዓመቱ ይጨምራል፤ ዋጋቸው ግን በዚያው ልክ አይወርድም፡፡ በሌላ አገር የ20 ዓመት መኪና ገዝቶ መሳሳት የአንድና የሁለት ወር ደመወዝ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፡፡ በእኛ አገር ደመወዝተኛ ዘንድ ግን የዓመታት ቁጠባ ነው፤ አንዳንዴም ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተወሰደ ዕዳ ይጨመርበታል፡፡

ሦስቱ ዓይነቶች

«በአራቱም ጎማ የሚነዳ» ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት መኪኖች ሥራቸው አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ገዢው ይህን ካልለየ ምን እንደሚፈትሽም አያውቅም፡፡

የመጀመሪያው ዓይነት አሽከርካሪው ሲፈልግ ብቻ የሚያስገባው ነው፡፡ የቀድሞዎቹ ሱዙኪ ቪታራዎች፣ ሃይሉክስ፣ ፓትሮልና አብዛኞቹ ላንድ ክሩዘር 70 የዚህ ወገን ናቸው፡፡ በአዘቦት ቀን የሚነዱት በኋላ ጎማ ነው፡፡ ከካምቢዮው አጠገብ ያለችው ትንሿ ማርሽ ስትገባ የፊቱና የኋላው አክሰል ተቆላልፈው በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ፡፡ በጭቃና በአሸዋ ላይ ይህ ግሩም ነው፡፡ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ ልዩነቱን የሚያስታግስ ነገር የለም፡፡ ጭነቱ የሚያርፈው በትራንስፈሩና በሻፍቶቹ ላይ ነው፡፡ «ፎር ዊሉን አስገብቶ አስፋልት ላይ መንዳት ጎማ ያስይዛል» እያለ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሲያስገባ የኖረ ባለቤት የሚሸጠው መኪና ትራንስፈሩ ሲጮህ ቢገኝ አያስደንቅም፡፡

ሁለተኛው ዘወትር በአራቱም የሚነዳው ነው፡፡ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ዳይሃትሱ ቴሪዮስ፣ ፕራዶ 90፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለችው ግራንድ ቪታራ በዚህ ውስጥ ይገባሉ፡፡ በፊትና በኋላ አክሰል መካከል ሌላ ሦስተኛ ዲፈረንሻል አለ፤ አስፋልት ላይ ሲታጠፉ ልዩነቱን የሚያስተካክለው እሱ ነው፡፡ «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል» የሚለው የገበያ ስም እነዚህን ሲያገኝ በአንድ ይጎድላል፡፡ የመሃሉ ዲፈረንሻል ብቻውን ቢሆን ግን አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያው ይፈስሳል፡፡ ስለዚህ የሚቆልፈው ነገር ያስፈልጋል፡፡ በማንዋሉ የመጀመሪያዋ ራቭ ፎር ላይ በማብሪያ የሚቆለፍ ነበር፡፡ ከ2000 እ.ኤ.አ. በኋላ በመጣችው ሁለተኛዋ ራቭ ፎር ሥራው ቪስኮስ ለሚባል ክፍል ተሰጠ፡፡ የዚህ ክፍል ነገር ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ እንመለስበታለን፡፡

ሦስተኛው በአዘቦት ቀን በፊት ጎማ ብቻ እየተነዳ የፊቱ ሲንሸራተት ኋለኛውን የሚጠራ ዓይነት ነው፡፡ ሆንዳ ሲአር ቪ፣ ኒሳን ኤክስ ትሬይል፣ ሃዩንዳይ ቱሳን እንዲሁም ሦስተኛዋ ራቭ ፎር እዚህ ይመደባሉ፡፡ በነዳጅ ረገድ ይሻላሉ፡፡ ችግራቸው ኋለኛው ክፍል ቢሞት እንኳ መኪናው እንደ ወትሮው መሄዱ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፡፡ አውቆ የሚደብቅም አለ፡፡ የኋላው ሲጮህ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ሻፍት አስፈትቶ መጣልና መኪናውን በፊት ጎማ ብቻ መንዳት ከጥገናው ይረክሳል፡፡ እንዲህ ያለ መኪና ሲሸጥ በማስታወቂያው ላይ ያው «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል» ነው፡፡ ጎንበስ ብሎ ሻፍቱ መኖሩን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፡፡

በነገራችን ላይ ራቭ ፎር ሁሉ በአራቱም ጎማ የሚነዳ አይደለም፡፡ ለአንዳንድ ገበያዎች በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳውም ተሠርቷል፡፡ የሚለየው በሻንሲ ቁጥሩ መነሻ ፊደላት ነው፡፡ በሁለተኛው ትውልድ «ኤሲኤ 20» እና «ኤሲኤ 21» የሚሉት በአራቱም የሚነዱት ናቸው፡፡ «ዜድሲኤ 25» እና «ዜድሲኤ 26» የሚሉት 1.8 ሊትር ሞተር ያላቸው የፊት ጎማ ብቻ ናቸው፡፡ በመጀመሪያው ትውልድ «ኤስኤክስኤ 10» እና «11» በአራቱም ሲነዱ «15» እና «16» የፊት ብቻ ናቸው፡፡ ከመኪናው ጀርባ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ለጣፊ ሞልቷል፡፡

የጎማ ነገር

ቪስኮስ የሚባለው ክፍል የታሸገ ቆርቆሮ ነው፡፡ ውስጡ ብዙ ስስ ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አሉት፡፡ የፊቱና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ ይሞቃል፣ ይጠነክራል፣ ሳህኖቹን አያይዞ ጉልበት ያስተላልፋል፡፡ የተሠራው ለአጭር ጊዜ እንዲሞቅ ነው፤ ጭቃው ሲታለፍ ማረፍ አለበት፡፡ ዘይቱ አይቀየርም፣ አይፈታም፣ አይጠገንም፤ ሲያረጅ በሌላ ይተካል፡፡

ለዕድሜው ማጠር ዋነኛው ምክንያት የጎማ አለመመሳሰል ነው፡፡ የተለመደውን 215/70 ባለ 16 ቸርኬ ጎማ እንውሰድ፡፡ ዙሪያው 2 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር 450 ጊዜ ይዞራል፡፡ ከአዲሱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የተበላ ጎማ ግን ዙሪያው በ3 ሳንቲ ሜትር ስለሚያንስ 456 ጊዜ ይዞራል፡፡ ባለቤቱ ብር ለመቆጠብ ብሎ ሁለት አዲስ ጎማ ከኋላ፣ ሁለት የተበላ ከፊት ቢያስር፣ ከአዲስ አበባ አዳማ እስኪደርስ ፊትና ኋላው ከ600 ዙር በላይ ይለያያሉ ማለት ነው፡፡ ያን ሁሉ መንገድ ቪስኮሱ ጭቃ ውስጥ የገባ እየመሰለው ይሞቃል፡፡ ሱባሩ የተባለው ኩባንያ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

እንግዲህ በአንድ ጎማ ላይ ሌላ ዓይነት ጎማ ማሰር፣ መጠኑ ለየት ያለ ስኮርታ አስገብቶ ወር ሙሉ መንዳት፣ «ሁለቱን ዛሬ፣ ሁለቱን በሚቀጥለው ደመወዝ» ማለት በፊት ጎማ በሚነዳ ቪትዝ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ ግን ክፍያው ቆይቶ ይመጣል፡፡ ስለዚህ አሮጌ መኪና ሊገዙ የሄዱ ሰው ኮፈን ከማስከፈታቸው በፊት አራቱን ጎማዎች ዞር ብለው ቢመለከቱ ይበጃል፡፡ የአራቱም ስምና መጠን አንድ ከሆነ፣ የመበላታቸውም ልክ ከተቀራረበ፣ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደሚነዳ የሚያውቅ ሰው ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፡፡ አራት ጎማ አራት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቪስኮሱ እንደተጎዳ ቆጥሮ ዋጋ መደራደር ነው፡፡

ቪስኮስ ሲሞት በሁለት መንገድ ነው፡፡ አንዱ ፈሳሹ ደክሞ ጨርሶ አለመያዝ ነው፡፡ ይህ በአስፋልት ላይ አይታወቅም፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ነው የሚጋለጠው፡፡ ሁለተኛው ተቆልፎ መቅረት ነው፤ ይህ ቶሎ ካልታየ ሌሎቹንም ዲፈረንሻሎች ይዞ ይሄዳል፡፡ መፈተሻው ቀላል ነው፡፡ መኪናው አሥር ደቂቃ ያህል ከተነዳና ከሞቀ በኋላ ሰፊ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ በእግር ፍጥነት ክብ መዞር ነው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፡፡ ነዳጅ ሳይሰጡት ቀስ ብሎ በራሱ የሚዞር ከሆነ መልካም፡፡ ፍሬን እንደተያዘ ወደ ኋላ የሚጎትት፣ የሚዘል፣ ጎማው አስፋልቱን እየቧጨረ የሚጮህ ከሆነ ተቆልፏል፡፡ ቷ ቷ የሚል ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን የፊት አክሰል ራሶች ያረጁ ናቸው፤ ይህኛው በአንፃራዊነት ቀላል ወጪ ነው፡፡

የሆንዳ ሲአር ቪ ባለቤቶች በዚሁ ፈተና ላይ ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ ቢሰሙ ወዲያው ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም፡፡ የሲአር ቪ የኋላ ዲፈረንሻል ለራሱ የተሠራ ልዩ ዘይት አለው፡፡ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ የሚጨመርለት ግን ለሃይሉክስ የሚሆነው ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፡፡ ማጉረምረሙ ከዚህ ሊመጣ ስለሚችል ትክክለኛውን ዘይት አንድ ሁለት ጊዜ መቀየር ብቻ የሚያስተካክለው ጊዜ አለ፡፡ ድምፁ እየተሰማ ሻጩን ማስቀነስ፣ ከዚያ በዘይት መሞከር ብልህነት ነው፤ ዘይቱ ካልፈታው ግን የሚጠብቀው ሌላ ዲፈረንሻል መግዛት መሆኑን ቀድሞ ማሰብ ያሻል፡፡

ሞተሩና ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር የምትጠጋ ከተማ ናት፡፡ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል፡፡ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ደግሞ ተጨማሪ ሻፍት፣ ዲፈረንሻልና ትራንስፈር ስላለው ከአቻው ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይበልጣል፡፡ 1.3 ወይም 1.6 ሊትር ሞተር ያለው አሮጌ ቴሪዮስ ወይም ቪታራ አምስት ሰው ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው ሁልጊዜ በሽታ ኖሮት አይደለም፡፡ የተፈጥሮ ነው፡፡

በሽታ የሚሆነው ሙቀት ነው፡፡ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፡፡ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ይዞ ስለሚጠብቀው ነው፡፡ ላስቲኩ የተበላ ርካሽ ክዳን ስንት ቴስታታ እንዳቃጠለ የሚያውቁት መካኒኮች ናቸው፡፡ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማየት፣ ውስጡ ተራ የቧንቧ ውኃና ዝገት ነው ወይስ ቀለም ያለው ኩላንት የሚለውን መለየት ያስፈልጋል፡፡ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ድርድሩ እዚያ ላይ ያበቃል፡፡

ስለ ሞተሮቹ አጠር አድርገን እንናገር፡፡ በመጀመሪያዋ ራቭ ፎር ላይ ያለው ባለ 2 ሊትር «3 ኤስ» ጠንካራ ነው፤ ቺንጋው በየ100 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየሩ ብቻ ይጠየቃል፡፡ የሁለተኛዋ ባለ 2 ሊትር «1 ኤዜድ» በሰንሰለት የሚሠራ ስለሆነ ቺንጋ የለውም፡፡ ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት «ዲ ፎር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቤንዚኑን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ናቸው፤ የነዳጅ ጥራትና በቂ ባለሙያ በሌለበት ቦታ ይህን መተው ይሻላል፡፡ ባለ 2.4ቱ «2 ኤዜድ» የቴስታታው ብሎኖች የሚታሰሩበት ጥርስ የሚበላ ችግር ይታወቅበታል፤ ምልክቱ ከሞተሩ በስተኋላ ኩላንት መንጠባጠብና ያለ ምክንያት መሞቅ ነው፡፡ ባለ 3 ሊትር ናፍጣው ፕራዶ «1 ኬዜድ» ሲሞቅ ቴስታታው ይሰነጠቃል፡፡ የሱባሩ ባለ 2.5 ሊትር የቀድሞ ሞተሮች የቴስታታ ጋርኒሲዮን ጉዳይ ዓለም ያወቀው ነው፡፡

ከታች ማየት

ጉድጓድ ወይም ማንሻ ያለው ጋራዥ ወስዶ ማየት ግዴታ ነው፡፡ ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ መልሱን ሰጠ ማለት ነው፡፡ መካኒኩን የሚመርጠው ገዢው እንጂ ደላላው አይሁን፤ የምርመራውም ዋጋ በገዢው ይከፈል፡፡

መካኒኩ ከሞተሩ ሌላ ሦስት ዘይቶችን እንዲያይ ቢነገረው መልካም ነው፡፡ የካምቢዮ፣ የትራንስፈርና የኋላ ዲፈረንሻል፡፡ ብዙ ባለቤቶች የሞተር ዘይት በየ5 ሺሑ እየቀየሩ እነዚህን ሦስቱን መኪናው ከገባ ጀምሮ አይነኳቸውም፡፡ በየ40 ሺሕ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ያለባቸው ናቸው፡፡ የዲፈረንሻሉ ብሎን ሲፈታ ጫፉ ላይ ያለው ማግኔት ጥቁር ቅባት የመሰለ የብረት ብናኝ ቢይዝ ደንብ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከያዘ ግን ጥርስ እየተበላ ነው፡፡ አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ይሁን፤ ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ይቅር፡፡

ከአውሮፓ የገቡት ከሥራቸው ዝገት አለባቸው፤ እዚያ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን ነው፡፡ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡት ደግሞ ቦዲያቸው ንፁህ ሆኖ ላስቲኮቻቸው በሙቀት ደርቀው የተሰነጠቁ ናቸው፡፡ በቀኝ መሪ ተሠርተው መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረም አሉ፡፡ የዝናብ መጥረጊያው አቅጣጫ ለግራ ተቀማጭ የማይመች ከሆነ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር የተቆራረጠ ምንጣፍና በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ከታየ፣ በሞተሩ ክፍል በስተቀኝ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ መሪው ተዛውሯል፡፡ ሥራው ደህና ከተሠራ ያሽከረክራል፤ ነገር ግን መሪና ፍሬን በሌላ ሰው ብየዳ ላይ ማረፋቸውን አውቆ የሚገዛ ይግዛ፡፡ ቀለምና ላሜራውን የሰፈር ባለሙያ ሁሉ ስለሚያስተካክለው ብዙ አንቆይበትም፡፡

ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚለውን ማመን አይቻልም፡፡ የ20 ዓመት መኪና 90 ሺሕ ሲል የፍሬን መርገጫው ላስቲክ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎንና የመሪው ቆዳ ምን እንደሚሉ ማየት ነው፡፡ ሌላም አለ፡፡ ሻጭ «የ2001 ነው» ሲል በማን አቆጣጠር? ሞዴል የሚጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነገር ግን አንዳንዴ መኪናው አገር ውስጥ ገብቶ ታርጋ ያወጣበት የኛ ዓመት ይጠራና በመኪናው ዕድሜ ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ይደባለቃል፡፡

በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?

በአራቱም ጎማ መነዳት መኪናውን ለማስነሳትና ለመውጣት ይረዳል፡፡ ለመቆም አይረዳም፡፡ ፍሬን ማንኛውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ «ፎር ዊል ነው» ብሎ በዝናብ መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚተማመነው በሌለ ነገር ነው፡፡ የአዲስ አበባ ዳር ሠፈሮች ነዋሪ በክረምት የሚያሸንፈው የጥቁር አፈር ጭቃ ደግሞ ጎማውን ለብጦ ለስላሳ ኳስ ያደርገዋል፡፡ ያን ጊዜ ጥርሱ ያለቀ ጎማ የታሰረበት ባለ ሦስት ዲፈረንሻል መኪና እዚያው ይቀራል፤ ጥሩ ጎማ ያለው ተራ ፒክአፕ ያልፋል፡፡

ብዙ የከተማ ገዢ የሚፈልገው በውስጡ ሌላ ነገር ነው፤ ከመሬት ከፍ ማለትን፡፡ የኮብልስቶኑ ጉብታ፣ ያልተስተካከለው የመንገድ ዳር፣ የጎርፍ ማፍሰሻው ቦይ ሆዱን እንዳይመታበት ነው፡፡ ይህ ከሆነ ከላይ የተጠቀሰው የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ራቭ ፎር ያንኑ ከፍታ ያለ ሁለተኛው ዲፈረንሻል ወጪ ይሰጣል፡፡ ደላላው የሚያንቋሽሸው ለዚህ ገዢ የሚስማማውን ነው፡፡ በሌላ በኩል ሥራው መስክ የሚያስወጣው የግብርና ባለሙያ፣ የግንባታ መሐንዲስ፣ ቤተሰቡ ከአስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የሚኖርበት ሰው፣ በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ የሚቆረጥ መንገድ ያለው ሁሉ ያስፈልገዋል፡፡ ለእንዲህ ያለው ሰው ከቪስኮሱ ይልቅ በማርሽ የሚገባውና ዝቅተኛ ማርሽ ያለው የቀድሞው ቪታራ የተሻለ ነው፤ አስፋልት ላይ ምቾቱ ያነሰ ቢሆንም የሚበላሸው ነገር ጥቂት፣ ጠጋኙም ብዙ ነው፡፡

ነዳጁንም በወረቀት ላይ ማስላት ይገባል፡፡ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን የሚነዳ ሰው ወደ 1,040 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፡፡ በከተማ መጨናነቅ በሊትር 8.5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለ 2 ሊትር በአራቱም የሚነዳ መኪና 122 ሊትር ሲጠጣ፣ በሊትር 13 የሚሄድ ትንሽ አውቶሞቢል 80 ሊትር ይበቃዋል፡፡ ልዩነቱ 42 ሊትር ነው፡፡ ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏልና ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ በወር 4,200፣ በዓመት ከ50 ሺሕ ብር በላይ ይሆናል፡፡ በዚህ ላይ ጎማ ሁልጊዜ በአራት እንጂ በሁለት አይገዛም፡፡ እንደ ጸሐፊው ግምት ገዢው ከመኪናው ዋጋ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለብቻ ማስቀመጥ አለበት፡፡ ይህ ገንዘብ ከሌለ፣ ዋጋው ኪሱን አሟጥጦ የሚወስድ ከሆነ፣ መኪናው ምንም ቢያምር ለእሱ አይሆንም፡፡ ከከተማ የማይወጣና ቤቱ ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ሰው ደግሞ በዚሁ ገንዘብ ላይ ጨምሮ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቢያስብ አይከፋም፡፡

የመለዋወጫው ነገር ለቶዮታና ለሱዙኪ ባለቤቶች ቀለል ይላል፡፡ ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የወጣ ዲፈረንሻል፣ ትራንስፈር፣ አንዳንዴም ቪስኮስ ይገኛል፡፡ ከመግዛት በፊት የሚፈለገው መኪና የኋላ ዲፈረንሻል ስንት እንደሚባል እዚያው ሄዶ መጠየቅ ስለ ዋጋው ድርድር ብዙ ያስተምራል፡፡ ያገለገለ ዲፈረንሻል ሲገዛ የጥርሱ ቁጥር ከፊተኛው ጋር ካልገጠመ ፊትና ኋላው በተለያየ ፍጥነት ይዞርና አዲሱ ዕቃ በወራት ውስጥ ይበላል፡፡

ወረቀቱ

መኪናው ደህና ሆኖ ወረቀቱ የታመመ ከሆነ ጣጣው ይብሳል፡፡ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር፡፡ ሞተር የተቀየረበት አሮጌ መኪና ብዙ ነው፤ መቀየሩ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ስም ሲዞር ይያዛል፡፡ ቦሎው የታደሰ መሆኑ፣ የሦስተኛ ወገን መድን /በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው/ መኖሩ፣ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ አለመኖሩ ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጣራ፡፡ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይተላለፍም፡፡ ከዕርዳታ ድርጅት የወጡ ጥሩ ጥሩ ላንድ ክሩዘሮች ላይ ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ይቅደም፡፡

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካልሆነም ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል፡፡ ውሉ ብዙዎቻችን አሁንም «ውልና ማስረጃ» በምንለው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም፡፡

ስም ማዞሪያውን ለመቆጠብ ብሎ «በውክልና ይበቃል» የሚባለው አሠራር በአሮጌ መኪና ላይ በጣም የተለመደ ነው፡፡ አንድ መኪና በሦስት ውክልና አራተኛ ሰው እጅ ላይ ይገኛል፡፡ ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም፡፡ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም በመርህ ደረጃ ሰጪው ሲሞት ያበቃል፡፡ ያን ጊዜ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሟች ነው፤ ወራሾቹም መኪናውን ከአባታቸው ንብረት ውስጥ ይቆጥሩታል፡፡ ገንዘቡን የከፈለው ሰው እጅ ላይ ያለው ቁልፍና የገንዘብ መክፈያ ደረሰኝ ነው፤ ያውም ደረሰኝ ካለ፡፡ ስለዚህ ክፍያው በባንክ ይሁን፤ የመጨረሻው ክፍያም የሚፈጸመው ውሉ በተፈረመበት ዕለት፣ ሊብሬው በእጅ ሲገባ ነው፡፡

ስም ዞሮ መኪናው ከተረከቡ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሦስቱን ዘይቶች መቀየር፣ የራዲያተር ክዳኑን በአዲስ መተካትና አራቱን ጎማ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፡፡ ሙሉ መድን የሚገባ ሰው ደግሞ የመኪናውን ዋጋ የዛሬውን የገበያ ዋጋ ያስጽፍ፡፡ ዓረቦን ለመቀነስ ግማሹን ያስጻፈ ሰው አደጋ ሲደርስ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ተቀንሶ ነው፡፡